ኢንሺራህና የዳቦዋ ሳንቃ

ኢንሺራህ ካይሮ ውስጥ ዳቦ በሳንቃ ደርድራ፣ አናቷ ላይ ተሸክማ ስትሸጥ ኖረች። ሃምሳ ሲሞላት ጉልበቷ እምቢ አለና እኔ ጎረቤቷ ብስክሌት መንዳት ላስተምራት ተነሳሁ። እንዲቀላት ብዬ ሳንቃውን አወረድኩ፤ ኮርቻውን ከኋላ ያዝኩላት። እሷ ግን መንቀጥቀጥና እኔ ላይ መውደቅ ብቻ!

«የፈትሂ እናት፣ ምን ነካሽ?» ብዬ በልጇ ስም እየጠራኋት ጮህኩ።

«ራሴ ላይ ሸክም ከሌለ ያዞረኛል። ሳንቃዬን አምጣ!»

«ባዶሽን እንኳ ያልቻልሽ ሴትዮ! እንኪ፣ የራስሽ ጉዳይ!» ብዬ በንዴት ከነዳቦው ጫንኩላት።

አንገቷ ቀጥ አለ። በአንድ እጇ ሳንቃውን፣ በሌላው መሪውን ይዛ ነጎደች። መኪናውን ሁሉ ሰንጥቃ ስታልፍ አንድ ዳቦ አልወደቀም።

ከማዶ ድምጿ መጣ፦ «አንተ! ይሄ ነገር የሚቆመው በምኑ ነው?»

ለካስ ፍሬኑን አላሳየኋትም!