ስለ ትከሻው የጻፍኩት ኮመንት

ልጄ የቤዝቦል ተጫዋች መሆኑን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "በቲቪ የምናየው መቼ ነው?" ከቅዳሴ በኋላ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል፣ እኛ ሰፈር፣ ሳቫና፣ መኪናዬን ሳቆም እንኳ መስኮቱን አንኳኩተው ይጠይቁኛል። መልሱ ረጅም ነው። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ክለብ አስፈርሞታል፤ ግን ዋናው ቡድን ለመግባት ከሥር ያሉትን ትንንሽ ቡድኖች እንደ ክፍል አንድ በአንድ ማለፍ አለበት። ማይነር ሊግ የሚባለው ይኸው ነው። ልጄ ፒቸር ነው፣ ኳስ ወርዋሪ። ባለፈው ሰመር አንዱን ክፍል ለሦስተኛ ዓመት እየደገመ ነበር።

"ገና ነው" እላቸዋለሁ።

"አሁንም ገና?" ይሉና የሰነፍ ተማሪ አባት እንደሚታይ ያዩኛል።

እኔ ራሴ ኳስ በእግር የሚመታ ነገር ነው ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቤዝቦልን የተማርኩት ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ኤርድሪ፣ ሜዳ ዳር፣ በዚህ አገር የግንቦት ብርድ በጃኬት ተጠቅልዬ ልጄን ስጠብቅ ነው። አሁን ግን ዳውንታውን በጥገና ሠራተኛነት ከምሠራበት ሕንፃ ሥር ተቀምጬ፣ በምሳ ሰዓት የክለቡን ወጣቶች የሚከታተል ድረ ገጽ እከፍታለሁ። ማን ወደ ላይ እንዳለፈ፣ ማን ወደ ታች እንደተመለሰ በየቀኑ ይጽፋሉ። አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ስለ ልጄ ክንድ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ሰመሩ እንደገባ ደወለልኝ።

"ዳድ፣ ከስፕሪንግ ጀምሮ ትከሻዬን እያመመኝ ነው። ግን ለማንም እንዳትናገር።"

"ለሐኪማቸው ንገር እንጂ!"

"ከነገርኳቸው ያስቀምጡኛል። እኔ ስቀመጥ ሌላ ሰው ቦታዬን ይወስዳል። ለማሚም አትንገራት። ፕሮሚስ?"

"እሺ" አልኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ድረ ገጽ ተስፋ የሚጣልባቸውን ልጆች ዝርዝር አወጣ። ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የልጄ ስም የለም። ጸሐፊው ከሥር በአንድ መስመር፣ ውርወራው ፍጥነት እንዳጣ፣ ምናልባትም መድረስ የሚችለው እዚህ ድረስ ብቻ እንደሆነ ጠቅሷል። ከዚያ በታች አንዱ አንባቢ "ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ" ብሎ ኮመንት ሰጥቷል።

ሳንድዊቼን አስቀመጥኩ። በውሸት ስም፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ምንም የምታውቁት ነገር የለም አልኳቸው። ይህ ልጅ ከስፕሪንግ ጀምሮ በታመመ ትከሻ ነው የሚወረውረው፤ ጤነኛ ሲሆን እንደዚህ በሉት። ላክኩት። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፉጨት እያፏጨሁ ነው የሠራሁት።

በሁለተኛው ቀን ደወለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

"ዳድ፣ አንተ ነህ?"

"ምኑ?"

"ኮመንቱ። ትከሻዬን የሚያውቅ እኔና አንተ ብቻ ነን።"

"እኔ ነኝ" አልኩት። አሰልጣኙ ቢሮው ጠርቶ ስልኩን እያሳየ "ይህ እውነት ነው?" ብሎታል። ወዲያውም ለምርመራ ልከውታል።

"አንድ ነገር ነው የለመንኩህ" አለኝና ዘጋው።

ትከሻው ውስጥ ትንሽ ጅማት ተሰንጥቆ ተገኘ። የዓመቱ ጨዋታ አበቃለት። ሐኪሙ፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሰርጀሪ ግድ ይሆን ነበር ብሎታል። ይህን የነገረችኝ ሚስቴ ናት፤ ልታጽናናኝ ብላ። "አየህ፣ እግዜር ነው ያጻፈህ" አለችኝ። አልተጽናናሁም። ስጽፍ ስለ ጅማቱ አላሰብኩም፤ የማላውቀውን ሰው አፍ ለማዘጋት ስል ብቻ የልጄን ምስጢር አወጣሁ። ልጄም ይህን ያውቃል። ሰመሩን ሙሉ የሚደውለው ለእናቱ ነበር። ኪችን ሆና በስፒከር ስታወራው ሳቁን ሳሎን ተቀምጬ እሰማለሁ።

መስከረም ላይ መጣ። ኤርፖርት እናቱን አቅፎ ሳማት፤ ለእኔ ሻንጣውን ሰጠኝ። ወደ ቤት ስንነዳ ከኋላ ወንበር ሆኖ ድንገት ተናገረ።

"ለሐኪሙ መናገር ነበረብኝ፣ ራይት? ግን መናገር ያለብኝ እኔ ራሴ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ኢትስ ኦኬ። ብቻ ካሁን በኋላ የሚያመኝን ነገር አልነግርህም።"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ግን የነገውን የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነው ያለኝ።

የብርዱን ወራት እያገገመ ከእኛ ጋር ቆይቶ በስፕሪንግ ተመለሰ፤ እዚያው ክፍል፣ ለአራተኛ ጊዜ። አሁን እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙቀቱ ይነግረኛል።

"ትከሻህስ?" እለዋለሁ።

"ኢትስ ጉድ፣ ዳድ።"

እውነቱን ይሁን አይሁን ከድምፁ መለየት አልችልም። ደግሜ ለመጠየቅ ደግሞ አፌ አይደፍርም።