ፊት ለፊት ተርትሩልኝ

አርሊስ ግሮንዳል የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ካቆመች ወዲህ ትልቁ ጠላቷ ጸጥታ ሆነ። ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋትና ማታ ስድሳ አፍ ከኋላዋ ሲንጫጫ የኖረች ሴት ናት። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ የወንድሟን ጫማ በመስኮት ትወረውራለች፤ አርሊስ በመስታወቱ ገረፍ አድርጋ አይታ ስም ስትጠራ ብቻ ሁሉም ለአንድ አፍታ መልአክ ይሆናል። አሁን ከኋላዋ ያለው ባሏ ቨርሊን ነው። ቨርሊን ከአየር ትንበያ በቀር የሚያወራው የለውም፤ እሱንም ቢሆን የሚያወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው።

ስፌት የጀመረችው ለዚሁ ጸጥታ መድኃኒት ይሆናል ብላ ነበር። የቨርሊንን ያለቁ ጂንሶች፣ የልጆቿን የድሮ ሸሚዞች፣ የተቀደደ መጋረጃ ሳይቀር በአራት ማዕዘን እየቆረጠች ትገጣጥማለች፤ ከሥሩ ጥጥ ታነጥፍበትና በወፍራም ክር ትሰፋዋለች። የሚወጣው ብርድ ልብስ ያምራል አይባልም። ግን ይሞቃል፤ እንኳን ሰው ውሻ ቢጎትተው አይተረተርም። ቨርሊን "ድሪቶ" ይለዋል። የሚኒሶታ ብርድ ሲመጣ ግን ድሪቶውን እስከ አፍንጫው የሚስበው እሱ ራሱ ነው።

የማኅበሩን ነገር ያመጣችው ጎረቤቷ ኔልዳ ናት። ኔልዳ በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰበሰበው የስፌት ማኅበር አባል ናት። አንድ ቀን ገመድ ላይ የተሰጣውን ድሪቶ አይታ፣ አንቺስ ለምን አትመጪም አለቻት። አርሊስ ሳቀች። የማኅበሩን ሴቶች ሥራ በመኸር ትርኢት ላይ አይታዋለች፤ ስፌታቸው እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። የእሷ ስፌት ደግሞ መንገድ ተሻግሮ ይቆጠራል። ኔልዳ ግን እምቢታ መቀበል አልፈጠረባትም። ደንቡ ቀላል ነው አለች፤ ሁለት ማክሰኞ በእንግድነት ትመጫለሽ፣ በሦስተኛው እገባለሁ ወይም አልገባም ትያለሽ፣ እነሱም እጅ ያወጣሉ፣ በቃ።

አርሊስ አንዴ እሄዳለሁ አንዴ እቀራለሁ ስትል ሳምንቱ አለቀ። ነገሩ የስፌት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በእኛ ከተማ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ወይ ማኅበር አላት፣ ወይ የልጅ ልጅ አላት፣ አለዚያ መስኮት አጠገብ ወንበር አላት። የአርሊስ ልጆች ርቀው ሄደዋል፤ ለመውለድም የቸኮሉ አይመስሉም። ወንበሩን ደግሞ ከአሁኑ ፈርታዋለች፤ እናቷ የመጨረሻ ዓመቶቿን የጨረሰችው እዚያ ላይ ነው። ቨርሊንን ብታማክረው ዓይኑን ከደመናው ካርታ ሳይነቅል ሂጂ አላት። "ቢያንስ የእኔ ሱሪዎች ይተርፋሉ።"

በመጀመሪያው ማክሰኞ ደረጃውን ሳትጨርስ ጫጫታው መጥቶ ተቀበላት። ያን ጊዜውኑ ልቧ ግማሽ መንገድ ሄደላቸው። ምድር ቤቱ መሐል በትልቅ የእንጨት መወጠሪያ ላይ ሰፊ ብርድ ልብስ ተወጥሯል፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ቤተሰብ የሚሰጥ ነው። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ወደ ታች፣ አፋቸው ወደ ጎን ይሠራል። ሰብሳቢዋ ማርዴል ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ እንኳን ደህና መጣሽ ስትል እንኳ ቃላቱ መሥመር ይዘው ነው የሚወጡት። አርሊስን በኔልዳና በሂልዱር መሐል አስቀመጠቻት። ሂልዱር የማኅበሩ ታላቅ ናቸው፤ ዘጠናን ከተሻገሩ ቆይተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መርፌያቸው ጨርቁን ከማግኘቱ በፊት አየሩን ደጋግሞ ይወጋል። ወሬያቸው ግን አንድም ጊዜ ዒላማውን አይስትም።

ለአርሊስ ብርድ ልብሱ ላይ የሚሰፋ አንድ ቢጫ የጨርቅ ቅጠል ደረሳት። ቤቷ እንደለመደችው ዙሪያውን ሰፋችው፤ መጨረሻ ላይም ፈጣሪ ካልፈታው የማይፈታ ቋጠሮ ቋጠረችበት። እየሰፋች ስለ አውቶቡሱ አወራቻቸው፤ በደብተር ቦርሳው ዶሮ ይዞ ስለገባው ልጅ፣ ዶሮዋም መሪው ላይ ስለ ማረፏ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማርዴል በኋላዋ ስታልፍ ቆም ብላ ቅጠሉን አየችና "የራስሽ የሆነ ዘዴ አለሽ" አለቻት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አርሊስ ማወቅ ነበረባት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ሴት ናት። በእኛ ዘንድ ምግብሽ "ለየት ይላል" ከተባለ ድስቱን ለውሻ ስጪው ማለት ነው። ሰው የሚሰማውን ፊት ለፊት ከሚናገር በረዶ ውስጥ ቆሞ ቢያድር ይመርጣል። ያን ቀን ግን ደስታ ጆሮዋን ደፍኖት ነበር። እያፏጨች ቤቷ ገባች፤ ቨርሊን እንኳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ አያት።

በሁለተኛው ማክሰኞ ቀድማ ደረሰችና ቀጥታ ወደ ቅጠሏ ሄደች። ቅጠሉ እዚያው ነው፤ ስፌቱ የእሷ አይደለም። ዙሪያውን ደቃቅ፣ እኩል፣ የተማረ ስፌት ከብቦታል። በጣቷ ዳሰሰችው። ቋጠሮዋ የለም። የእሷ ወፍራም መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች ብቻ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ቀርተዋል።

ቀና ስትል ሁሉም ፈገግ ብሏል። ቅዝቃዜው እንዴት ነው፣ ቨርሊን እንዴት ነው፣ ከኬኩ አልቀመስሽም ወይ። ኔልዳ መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት ድንገት ከበዳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። አርሊስም ያገሯ ሰው ናትና ምንም አላለችም። ጥቂት ሰፋች፣ ኬኩን ጨረሰች፣ አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን አለቀሰች። ለስፌት ይለቀሳል ወይ የሚል ሰው ቢኖር፣ እሱ ደስ ብሎት በገባበት ቤት ዱካው ተጠርጎ ሲጠብቀው አላየም።

"ተርትረውታል" አለችው ቨርሊንን፣ ኮቷን ሳታወልቅ።

"ምኑን?"

"ስፌቴን። ስወጣ ጠብቀው። አንዲት ቃል ሳይነግሩኝ።"

ቨርሊን አሰበበት። "መጥፎ ነበር እንዴ?"

"መጥፎማ ነበር።"

"ታዲያ ምን አናደደሽ?"

"መጥፎ ነው አይሉኝም ነበር? ሕፃን ነኝ?"

ቨርሊን ጎመን በጤና ነው አላት፤ ድሪቶሽን እዚሁ እየሰፋሽ ተቀመጪ፣ እኔ እንደሆንኩ አልተርትርብሽም። አርሊስም ቆረጠች፤ አትገባም። ይሁንና ዝም ብሎ መቅረት በእሷ ሙያ ነውር ነው። ልጁ የማይመጣ እናት እንኳ ደውላ ትነግራት ነበር፤ አውቶቡስ ያለ ምክንያት ቆሞ አይጠብቅማ። በሦስተኛው ማክሰኞ ሄዳ አልገባም ብላ፣ ምክንያቱንም ፊታቸው ላይ ነግራቸው ልትመለስ ወሰነች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሂልዱር ደወሉ። ሁልጊዜ የምታደርሳቸው ልጃቸው ጉንፋን ይዟታል፤ መንገድሽ ላይ ነኝና ታነሺኝ ወይ አሏት። ነጂ ነሽ ሲባል እምቢ ማለት አርሊስ አልተማረችም። አሮጊቷን ከደጃቸው አነሳች፣ ቀበቶውን አሰረችላቸው፣ መንገድ ጀመሩ። ሂልዱር ገና ከመታጠፊያው ሳይርቁ፣ ዛሬ ዶሮዋ የት አለች፣ ምነው ዝም አልሽ ሲሉ ጠየቁ። አርሊስ ለማንም አልናገርም ያለችውን ሁሉ ዘረገፈችው።

ሂልዱር ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

"የእኔንም እኮ ይተረትሩታል" አሉ።

አርሊስ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣችና አቆመች።

"እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ነው" አሉ ሂልዱር፤ "እኔ ስወጣ ማርዴል ትቀራለች። የሰፋሁትን ትፈታና እንደገና ትሰፋዋለች። የማላውቅ መስሏት ነው። እጄ ነው እንጂ ዓይኔ ምን ሆነ?"

"አልከፋዎትም?"

"እንዴት አይከፋኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ቀርቻለሁ። ከዚያ ቤቴ ተቀምጬ ሳስበው፣ የማርዴልን ጣት አይተሽዋል? ቁርጥማት አጣሞታል። በዚያ ጣቷ የእኔን ብልሽት ስታቃና ታመሻለች። ይበቃዎታል፣ ቤትዎ ይቀመጡ ማለት እኮ ይቀላት ነበር። አላለችኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ ክሬን አልቋጥርም። ሳብ ስታደርገው ሙልጭ ብሎ ይውጣላት ብዬ።"

አርሊስ ሞተሩን አጠፋች።

"ያንቺን ቋጠሮ ግን በመቀስም በስንት መከራ ነው ያወጡት አሉ" ሲሉ ቀጠሉ ሂልዱር። "ኔልዳ ነገረችኝ። መኪና የሚጎተትበት ገመድ ነው የመሰላቸው።"

አርሊስ ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቁ ሲያልፍላት ግን ቅሬታው እዚያው ነበር። የእርስዎ ሌላ ነው አለች፤ እርስዎ አንድ ጊዜ የሚያውቁትን ነው እጅዎ የከለከለዎት። የእኔ እጅ ደህና ነው፤ ቢነግሩኝ እማር ነበር። ደብቀው ካቃኑልኝ እስከ ዘላለም እንግዳ ነኝ።

"ታዲያ እሱን ንገሪያቸው፣ ልጄ" አሉ ሂልዱር። "የእኔን ግን እንዳታወጪ። ማርዴል ማወቄን ካወቀች በኀፍረት ትሞታለች።"

ምድር ቤቱ ውስጥ ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ማርዴል መነጽሯን አወረደችና፣ አርሊስ ሦስተኛ ማክሰኞዋ ስለሆነ ሐሳቧን ብትነግረን አለች። አርሊስ ተነሣች። ስድሳ ልጅ በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኘች ሴት አሁን የወንበሯን መደገፊያ ያዘች። ከቤቷ ስትወጣ ያዘጋጀችው አልገባም የሚለው ቃል መንገድ ላይ ቀርቷል።

"መግባት እፈልጋለሁ" አለች። "ግን አንድ ነገር አለ። ስፌቴን ስትተረትሩ ፊት ለፊቴ ተርትሩልኝ። እኔም ልየውና ልማር።"

ጉድ ፈላ። የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ይንኳኳ ነበር። በእኛ ከተማ ከዚህ ባነሰ ንግግር የተቋረጠ ጉርብትና አለ። ኔልዳ ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ልትደብቅ ምንም አልቀራት። የማርዴል አንገት መቅላት ጀመረና ቅላቱ ቀስ እያለ እስከ ጆሮዋ ወጣ። አርሊስ ነገሩ ማለቁን አውቃ ቦርሳዋን በዓይኗ ፈለገች።

ሂልዱር ከመርፌያቸው ቀና አሉ። ፊታቸው የተጠመቀ ሕፃን ፊት ነው።

"እዚህ ቤት ስፌት ይተረተራል እንዴ?"

"የለም፣ የለም" አለች ማርዴል በጥድፊያ። "ማንም አይተረትርም፣ ሂልዱር። ማለቴ የአርሊስን ብቻ። አንድ ቀን ብቻ።" ያን ጊዜ የተናገረችው ለራሷ ገባት፤ መካድ እንደማይቻልም አወቀች። ከዚያ ወንበሯን እየጎተተች ዙሪያውን ዞራ መጥታ አርሊስ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ከኪሷም መተርተሪያዋን አወጣች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። "መናገሩ ነው የከበደኝ። ስፌትሽ መጥፎ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች አርሊስ። እንዲህ ያለ ቃል ደስ ይላል ቢሏት አታምንም ነበር፤ ግን ደስ አላት።

ማርዴል መጀመሪያ ክሯን ቀየረችላት፣ ቀጥላም መርፌዋን። አርሊስ አንድ መሥመር ሰፋች፤ ማርዴል ተረተረችው። ሌላ ሰፋች፤ እሱንም ተረተረችው፤ የተጣመመው ጣቷ ከመርፌ ይልቅ ለመተርተር ይፈጥን ነበር። እጅሽ ይቸኩላል አለቻት፤ አውቶቡስ የሚያመልጥሽ ይመስል። አርሊስ አውቶቡስ ያለ እኔ ሄዶ አያውቅም ብላ መለሰችላት። ያኔ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ጫጫታው ተመለሰ፤ በጫጫታው መሐል ማን መጀመሪያ እንዳወጣ ሳይታወቅ እጆች ወጡ። የሂልዱር እጅ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መሄጃ ሲደርስ ሂልዱር፣ እኔን ኔልዳ ታደርሰኛለች፣ አንቺ አትቸኩዪ አሉና በኔልዳ ክንድ ደረጃውን ወጡ። አርሊስ ኮቷን ስታነሳ ማርዴል እጅጌዋን ያዘቻት። የአሮጊቷ እርምጃ ላይኛው ወለል ላይ እስኪጠፋ ድረስም አልለቀቀቻትም።

"ትንሽ መቆየት ትችያለሽ?" አለቻት። "ሂልዱር የሰፉት በኩል አለ። ጣቴ ብቻውን እየቻለው አይደለም። ለእሳቸው ግን እንዳትነግሪብኝ፤ ካወቁ ልባቸው ይሰበራል።"

አርሊስ የአሮጊቷን ወንበር አየች፤ ከዚያ የማርዴልን ጣት አየች። አልነግርም አለችና ኮቷን መልሳ ሰቀለች። ለቨርሊን ደውላ፣ ራቱን እንዳይጠብቃት፣ ማኅበር ላይ እንደሆነች ነገረችው።