ፊቱን ወደ በሩ

ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በወጣትነቱ ግን የፓንክ ሮክ ባንድ ድራም መቺ ነበር። ባለሥልጣናቱን በዘፈን ልክ ልካቸውን ስለሚነግሯቸው ፖሊስ አያስቀምጣቸውም ነበር። እሱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይመታል፤ በሩ ሲከፈት የድራም እንጨቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ያኔ ሁሉም በመስኮት እግሬ አውጪኝ ነው። እኔና እሱ የተዋወቅነውም እንዲያ ሲሮጥ፣ እናቴ ያሰጣችው አንሶላ ተጠምጥሞበት ግቢያችን ውስጥ ወድቆ ነው።

ዘንድሮ የባንዱ አባላት ፀጉራቸው ሸብቶ ተሰባሰቡና፣ ቤት ስለፈረሰባቸው ሰዎች አዲስ አልበም መቅዳት ጀመሩ። ባለቤቴ ስቱዲዮ ውስጥም ድራሙን ወደ በሩ አዞረው። ድምፅ ቀጂው "ጋሼ፣ እዚህ ማን ይመጣል ብለው ነው?" ቢለው፣ ወይ ፍንክች!

ትናንት የደም ግፊት ክኒኑን ረስቶ ስለወጣ ይዤለት ሄድኩ። በሩን ስከፍት እንጨቱ ወደ ላይ ወጣ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ጊታር መቺው በዚያ በሽተኛ ጉልበቱ መስኮቱን ከፍቶ አንድ እግሩን አሻግሯል!

"እኔ ነኝ እኮ! ምን ነካችሁ?"

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"እናንተ ሽማግሌዎች፣ አሁን ደግሞ ማን ያሳድዳችኋል?" አልኳቸው።

"አልበሙ ገና አልወጣማ፣ እህቴ" አለኝ ዘፋኙ፤ መስኮቱንም ክፍት እንደተወው ወደ ማይኩ ተመለሰ።