ከጅቡቲ የመጣው ዱቄት

ያኔ ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ሲያልፍ ያድርና ሲነጋ ይሄዳል። ከተጋባን ዓመታት ቢያልፉም አልጸነስኩም። በመጨረሻ ያየችኝ ሐኪም የደም ምርመራዬን ተመልክታ፣ "የታይሮይድ ዕጢሽ ሥራው ደክሟል" አለችኝ። "ለመጸነስ የተቸገርሽው በዚህ ሊሆን ይችላል። ይህን ክኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ዋጪ። ሳታማክሪኝ እንዳታቋርጪ።"

እየተሻለኝ ሳለ ባለቤቴ ከጅቡቲ አንድ ብልቃጥ ቡናማ ዱቄት ይዞ መጣ።

"አዩርቬዳ ይባላል፤ የህንዶች የጥንት ሕክምና ነው። በሞቀ ወተት ትጠጪዋለሽ።" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያንን ክኒን ግን ተይው። ሁለቱ አይስማሙም ብሏል ባለመድኃኒቱ።"

አመንኩት።

ዱቄቱ መራራ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እየዋለ እያደረ ሰውነቴ ከበደኝ፤ ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣ ጀመር። በዚያ በሰመራ ሙቀት እኔን ይበርደኛል። ባልደረቦቼ ቬንቲሌተሩ ሥር ሲሻሙ እኔ ሹራብ ደርቤ ጥግ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ሲደውል ገና ደህንነቴን ሳይጠይቅ፣ "ክኒኑን አልጀመርሽም አይደል?" ይላል። አንድ ቀን ስልኩን አንስቼ "አቤት" ስል፣ "ማን ልበል?" አለኝ። ድምፄ ጎርንኖ አላወቀኝም።

ፈርቼ ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ። ገና ፊቴን ስታይ ደነገጠች።

"ክኒኑን ማነው ያስቆመሽ?"

ቤት እንደገባሁ ብልቃጡ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። የባለመድኃኒቱ ረዳት አነሳ፤ አማርኛ ይችላል።

"እህቴ፣ እኛ የሐኪም ክኒን አቁሙ አንልም" አለኝ። "ለባለቤትሽም ክኒኑን እንዳትተው ብለን አስጠንቅቀነዋል።"

ፈቃድ ወስጄ ወደ ተወለድኩበት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ እናቴ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ መኪናውን ሾፌሮች ከሚያርፉባቸው ሆቴሎች ፊት አቁሞ መጣ።

"ለምን ዋሸኸኝ?" አልኩት።

"የወሊድ መከላከያ የምትውጪ መስሎኝ ነው።"

"ውጤቴን አላሳየሁህም?"

"ወረቀት ማንም ያጽፋል። እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ አንቺ ብቻሽን ነሽ። ስንት ነገር ይወራል መሰለሽ!"

እናቴ ከጓዳ ትሰማ ነበር። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ክኒኑን እንደገና ጀመርኩ፤ ጉልበቴም ድምፄም ቀስ በቀስ ተመለሱ። እሱም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። በቅርቡ ሐኪሟ ምርመራዬን አይታ፣ "አሁን ተስተካክለሻል፤ መጸነስ ትችያለሽ" አለችኝ ፈገግ ብላ። ስንት ዓመት የተሳልኩለትን ነገር ያን ጊዜ ፈራሁት።

ባለቤቴ ደውሎ፣ "ምን አለችሽ?" ሲለኝ፣

"ገና ነው" አልኩት።