ክርስትና ሳይነሱ የሄዱት

ዳንግላ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠናዬን ጨርሼ ጥርባ አጠገብ ወዳለች ቀበሌ ስመደብ፣ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት መዝገቤ ላይ የጨቅላ ሞት የሚጻፍበት ዓምድ ባዶውን ቀረ። ቆሰበር በተደረገ ስብሰባ ኃላፊያችን የሕፃናት ሞት በአገር ደረጃ እየቀነሰ መሆኑን ተናግሮ የእኔን ቀበሌ በምሳሌነት ሲጠራ ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የአገሩን ሞት ብቻዬን የቀነስኩት መስሎኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከጤና ኬላዬ ማዶ የምትኖር የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ስንት እንደወለደች ስጠይቃት «የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ልስጥሽ ስላት ደግሞ፣ መርፌ ያስወርዳል ብላ እምቢ አለች። እኔም ቀስ ብዬ አሳምናታለሁ ብዬ ተውኳት።

ከሳምንት በኋላ ቤቷ ስሄድ እሷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። አማቷ ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ሰላምታ ተሰጣጥተን እንደተቀመጥኩ፣ «ይህን እንኳ ያሳድግላት» አሉ እንዝርታቸውን እያሾሩ።

«ይህን እንኳ? እማማ፣ ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቃለች እንዴ?»

«ሁለት። ሳምንት አልሞላቸውም።»

«ታዲያ ለምን የመጀመሪያዬ ነው አለችኝ?»

«አይ ልጄ፣ ክርስትና ያልተነሳ፣ ስም ያልወጣለት ምን ተብሎ ይቆጠራል?»

እንዴት እንደሞቱ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ደህና ሲጠቡ ቆይተው ድንገት አፋቸው አልከፈት አለ፤ ሰውነታቸውም ደረቀ። እትብታቸው በምን እንደተቆረጠ ስጠይቅ እንዝርቱ ቆመ።

«በማጭድ» አሉ። «የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።»

በሽታው መንጋጋ ቆልፍ እንደሆነ፣ ሦስተኛውንም ሊወስድ እንደሚችል፣ መርፌው ግን እንደሚከላከልለት ነገርኳቸው። በራሴ በጣም ተናድጄ ነበር። ያቺ ሴት እምቢ ስትለኝ አንድ ቃል እንኳ አልጨመርኩም። ምራታቸው ጀሪካኗን አዝላ ስትመለስ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ክንድሽን ስጫት» አሏት። ሰጠችኝ። ሁለተኛውን መርፌ ከወር በኋላ ራሷ ኬላ ድረስ መጥታ ተወጋች።

እኔ እስከዚያው ቤት ለቤት እንደገና ዞርኩ። አሁን የምጠይቀው ክርስትና ሳይነሳ ልጅ የሄደባት እናት እንዳለች ነው። አንዳንዷ መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ሌላዋ ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ አውርታ አትጠግብም። ዓምዱ ሞላ። ኃላፊው ሪፖርቴን ሲያይ ጮኸብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀበሌሽን ባንድ ወር ምን ነካው?»

«ቀበሌውን ምንም አልነካው፤ መጠየቅ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።»

ሪፖርቱን እንደገና አገላብጦ ፈረመበት። ክትባትም ጨምሮ ላከልኝ።

የዚያች ሴት ምጥ ጠዋት መጣ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ ተሸከሟት፤ ከዚያ አምቡላንስ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ወንድ ልጅ ወለደች፤ እትብቱም በንጹሕ ምላጭ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ ፈርቼ ቀን እቆጥር ነበር። ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ በየቀኑ እየሄድኩ አየዋለሁ። አምስተኛው ቀን አለፈ፤ ሳምንቱም አለፈ።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባሁ። እጄን ታጥቤ፣ አማቷ እንደታቀፉት ትንሿን ጣቴን አፉ ውስጥ ሳደርግ ጭምቅ አድርጎ ጠባት። አደገኛው ሁለት ሳምንት አልፎ ከእንግዲህ እንደማያሰጋው ሳውቅ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን ለቀቅሁት።

አማቷ ተቆጡ። «በአራስ ቤት አይለቀስም! ውጪና ጓሮ አልቅሺ» አሉኝ። ልጁን ለእናቱ መልሰው እያቀበሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሂጂ፣ እኔም መጣሁ።»