የጋሽ ሮበሌ ፔጆና የመቂው ለቅሶ

መካኒሳ አቦ፣ በኛ ሰፈር፣ መኪና የነበረው ሰው ጋሽ ሮበሌ ብቻ ነው። ፔጆ 404 ናት። ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ፤ እኛ ስንደርስባት የከረመ ወተት መስላለች። አባቱ እዚያው መካኒሳ ጤፍና ገብስ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። እሱ ግን ገና ጎረምሳ ሳለ «ከሞፈር መሪ ይሻለኛል» ብሎ አንድ ጣልያን ጋ ሾፌር ገባ። ጣልያኑ እንጨት መሰንጠቂያ ነበረው። አብዮቱ መጣና መሰንጠቂያው ሲወረስ ሰውየው ቤተሰቡን ሰብስቦ አገሩ ገባ። መኪናዋን ለጋሽ ሮበሌ ትቶለት፣ ልጆቹን ታሳድግ የነበረችውን የጋሽ ሮበሌን ልጅ፣ ጫልቱን፣ ይዞ ሄደ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሰፈሩ መቼም አይተኛ፣ «ሮበሌ ልጁን በፔጆ ለወጠ» እያለ ያማው ነበር። እሱም ሰምቶ ይስቃል። «ፔጆዋ እንኳን ቤቷ ታድራለች» ይላል። ስቆ ሲያበቃ ግን ወይ ጎማ ይመታል፣ ወይ መስታወት ይወለውላል፤ ዝም ብሎ አይቆምም።

ያቺ መኪና ያልተሸከመችው የለም። ሙሽራ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ የታሰረ በግ። ከሁሉ ከሁሉ ግን ለቅሶ። ሰው ሞተ ከተባለ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ የሚንኳኳው የጋሽ ሮበሌ በር ነው። አሮጊቶቹን አምስት ስድስት አድርጎ ይጭናል። ትንሽ ፈጠን ካለ ደግሞ ከኋላ ይጮሁበታል፦ «ቀስ በል አንተ! ሟቹ እንደሆነ የትም አይሄድብን!» አንዲት ቀን እንቢ ሲል አልሰማሁም።

ሚስቱ እትዬ ገዲሴ የሞተችው በ1976 ነው። ጫልቱ አልተነገራትም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርማ! መርዶ በማለዳ ነው፤ ዘመድ ከቦ፣ ስትወድቅ የሚይዝ ሰው አጠገብ ኖሮ። በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ የሰው ሳህን እያጠበች ሳለ ፖስታ ከፍታ «እናትሽ ሞታለች» ይበላት? ጋሽ ሮበሌ «በአፌ ነው የምነግራት፣ እጇን ይዤ» አለ። እስከዚያው እናትየው በደብዳቤ ውስጥ መኖር ነበረባት።

እትዬ ገዲሴ ፊደል ስለማታውቅ በሕይወት እያለችም የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። የሰፈሩን ሰው አነጋገር ሁሉ መቅዳቴ ከትምህርት ቤት ቢያስባርረኝም እዚህ ላይ ጠቀመ። ከሞተች በኋላም በእሷው አፍ መጻፌን ቀጠልኩ። «ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ይሄ ጉልበቴ ብቻ ነው አልታዘዝ ያለኝ፣ አባትሽ እንደሆነ ከመኪናው ሥር አይወጣም።» ጋሽ ሮበሌ ሳነብለት ወደ ግድግዳው ዞሮ ይሰማል። «እሷው ናት» ይላል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1979 ግንቦት ላይ ይቺ ደብዳቤ መጣች፤ ሲኞራ የምትላት የጣልያኑን ሚስት ነው።

«አባዬ፣ ሲኞራ ለአምስት ቀን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ልትዝናና ነው፤ ልጆቹን ይዤ እኔም እመጣለሁ። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቦሌ እንገባለን። አዲስ አበባ አናድርም፣ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ሆቴሉ፣ ስንመለስም በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ። ሲኞራ ‹የሚቀበለን የግል መኪና ከወዲሁ ያዢ› ብላኛለች። ፔጆዋ አለች አይደል? አንተው ሾፌር ሆነህ ና፤ እኔ ጋቢና አጠገብህ እቀመጣለሁ። ካልመጣህ የመንግሥት መኪና ነው የሚወስደን፣ ከዚያ መገናኛ የለንም። እማዬን አምጣት እንዳልል ቦታ አይበቃም። አገሯ ገብቼ ሳልስማት ልመለስ ነው። እንዳትቀየመኝ ንገራት።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ ተነስቶ ጋራዡ ገባ፤ ጋራዥ ስል ቆርቆሮ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ መንገዱ ሆነ። የት ላይ እንደሚነግራት ነው የሚያሰላው። «ደብረ ዘይት ላይ አይሆንም፣ ገና ሳቅ ላይ ናት። ሞጆ ግርግር ነው። መቂን አለፍ እንዳልን አንድ ትልቅ ግራር አለ። እዚያ ሞተሩ ጋለ ብዬ አቆማለሁ። ሲኞራዋ ከልጆቹ ጋ ጥላው ሥር ትቀመጥ። እኔ ጫልቱን ወደ ኋላ ይዣት እሄዳለሁ።» ሲናገር መሪ እንደያዘ ሰው እጁን ያዞራል።

ቴሌ ሄደን ቴሌግራም ላክን፦ «መኪና ተይዟል። ሾፌሩ ሮበሌ።» ራሱን በራሱ ያዘ እንግዲህ።

የቀረው ቀበሌ ነበር። ያኔ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ቤንዚንም በኩፖን ነው፤ ላንጋኖ ደርሶ የሚመልስ ኩፖን ደግሞ ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ የለም። ሊቀመንበሩ ጓድ መዝገቡ ይባላል። በአፍንጫው ነው የሚያወራ፣ ያወራውን ሁሉ ደግሞ «ግልጽ ነው?» ብሎ ይዘጋዋል። ልጄ ከጣልያን ትመጣለች ማለት አይሞከርም፤ «ከውጭ ሰው ጋ ምን ግንኙነት አለህ?» ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ከፊታችን የነበረው ሰውዬ «ለቅሶ» አለ፣ ማኅተም ጠብ! ወጣ። ተራችን ደረሰ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሁድ ወጣ ብዬ ልመለስ ነበር፤ ወረቀትና ኩፖን...»

«ምክንያት?»

«ዘመድ ጥየቃ።»

«ዘመድ በአውቶቡስ ይጠየቃል። ግልጽ ነው?»

«አሟት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የሐኪም ወረቀት አምጣ። ግልጽ ነው?»

ጋሽ ሮበሌ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨመቀ። «ሞታለች» አለ።

«ማን?»

«አክስቴ።»

«የት?»

«መቂ።» ሌላ ከተማ ከየት ይምጣለት፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መቂ ሲያስብ ነው የከረመው።

መዝገቡ ከወንበሩ ተነሳ። ስሙኝ፣ መዝገቡ ለሰው ሲነሳ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እጁን ጨበጠውና «ነፍስ ይማር፣ ጋሽ ሮበሌ። እናቴን የቀበርኩት በአንተ መኪና ነው» አለ። «ግልጽ ነው?» አላለም። ፈረመ፣ ማኅተም መታ፣ ኩፖኑን እሱው ቆጥሮ ሰጠው። እየተሳሳቅን ወጣን። እንዴት ያለን ጅሎች ነበርን!

እሁድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት። ፔጆዋ ታጥባ ታበራለች። ወንበሩ ላይ የእትዬ ገዲሴን ነጭ አልጋ ልብስ አንጥፎበታል። ጋሽ ሮበሌ ለሠርግ ብቻ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ በሩን ከፈተ።

እድሩ ቆሟል። እድሩ በሙሉ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው ዱላ ይዘዋል። ከኋላቸው የጭነት መኪና፤ መዝገቡ ራሱ ለእድሩ ነግሮ፣ ራሱ ኩፖን ፈቅዶ፣ ራሱ ጋቢና ተቀምጦ። የእድሩ ዳኛ አባባ ዋቅቶላ ወደፊት ወጡ። ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ አሁንም የሚናገሩት ሞተር እንዳሸነፈው ሰው በጩኸት ነው።

«ያ ሮበሌ! የሰውን ለቅሶ ሁሉ ስታደርስ የኖርክ ሰው ተደብቀህ ብቻህን ልትሄድ? እኛ ምን በደልንህ?»

«አባባ... እኔ ልቅደም፣ እናንተ ቀስ ብላችሁ...»

«ቁልፉን ወዲህ በል። ሐዘንተኛ መኪና አይነዳም!»

«እነዳለሁ፣ ደህና ነኝ...»

«ደህና ነኝ ይላል እኮ!» አለች ጎረቤቱ እትዬ ሐሚዳ፤ እንባዋ ከአፏ ቀድሞ ነው የሚመጣው። «እዩት ኮቱን፣ የሠርግ ልብሱን ነው የለበሰ! አላወቀም፣ ያረቢ፣ አላወቀም!»

ዓይኑን ወደኔ ወረወረ። እኔ ደግሞ ወደ መዝገቡ። የሁሉን ድምፅ የማወጣው ሰውዬ ያን ዕለት አንድም ድምፅ አጣሁ።

አባባ ዋቅቶላ መሪውን ያዙ። እኔ ጋቢና ገባሁ። ከኋላ፣ በአልጋ ልብሱ ላይ፣ ጋሽ ሮበሌን እትዬ ሐሚዳና የአባባ ዋቅቶላ ሚስት ግራና ቀኝ ይዘው ቁጭ አደረጉት። በራሱ መኪና ኋላ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ሰው ሁሉ ተጭኖ ስንነሳ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ በሳሪስ አድርገን ቃሊቲ ወጣን። ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አየ፤ «ነፍስ ይማር፣ እለፉ።» ጭነት መኪናው ቀድሞን ሄደ። አቃቂን ስናልፍ አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ መጣ። ጋሽ ሮበሌ አንገቱን በመስኮቱ አወጣና እስኪጠፋ አየው። ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ።

ዱከም ጋ ስንደርስ ጮኸ። «አቁሙ! አባባ ዋቅቶላ፣ አቁሙ! አክስቴ አልሞተችም! የሞተችው ገዲሴ ናት!»

እትዬ ሐሚዳ ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

አባባ ዋቅቶላ መኪናውን ጥግ አስይዘው በመስታወቱ አዩት። «ልጄ፣ ገዲሴን ከቀበርናት ሦስት ዓመት ሆነን እኮ» አሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮሁ።

«አውቃለሁ! እሷን ነው የምነግራት!»

«ሐዘን ሲደራረብ እንዲህ ያደርጋል» አሉ ሚስትየው፣ ግንባሩን እየዳሰሱ። «ውሃ የያዘ ሰው የለም?»

ያኔ እኔ ሁሉንም አፈረጥኩት፤ ደብዳቤውን፣ ላንጋኖን፣ ሲኞራዋን፣ መቂ እንዴት ከአፉ እንደወጣች። እትዬ ሐሚዳ እንባዋ ቆመ። «ጫልቱ? ጫልቱ አሁን ቦሌ ናት? አንተ ዕቃ፣ ጠዋት አፍህን ምን ዘጋው! አዙሩ፣ አባባ!»

አዞሩ። እንደዚያ ዕለት ያቺ ፔጆ በርራ አታውቅም። ግን ቃሊቲ ላይ ሰልፍ ነበር፤ ከተማ የሚገባው ሁሉ ይፈተሻል። ስንደርስ ያው ወታደር ወረቀቱን አገላበጠ።

«አሁን አይደል እንዴ የወጣችሁት? ለቅሶው አለቀ?»

«ገና አልጀመርነውም» አለችው እትዬ ሐሚዳ።

ወታደሩ አልገባውም፤ ወርደን ተፈተሽን። ቦሌ ስንደርስ ሦስት ተኩል አልፏል። ሰው የለም። አንድ ዕቃ ተሸካሚ ጋሪውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል። ጋሽ ሮበሌ ሲጠይቀው እያሰበ መለሰለት።

«ጣልያኖቹ? አዎ፣ አንዲት ሐበሻ አብራቸው ነበረች። እዚች ጋ ነው የቆመችው። ወረቀት ይዛ። እኔማ ገርሞኝ፣ ሁሌ የመንገደኛውን ስም ጽፎ የሚይዘው ሾፌሩ ነው፤ እሷ ሮበሌ ብላ ጽፋ የሾፌሩን ስም ይዛ ቆማለች። ብዙ ቆመች። ነጮቹ ተቆጡ፣ በመንግሥት መኪና ሄዱ።»

አሥራ አንድ ዓመት አላየችውም። መልኬ ቢጠፋው ብላ ይሆናል፣ ወይ የእሱ መልክ ቢጠፋኝ ብላ።

ልንከተላቸው አልን። ጋሽ ሮበሌ የቤንዚኑን መቁጠሪያ አየና አንገቱን ነቀነቀ። ኩፖኑ የተሰጠን ለመቂ ልክ ነው፤ ዱከም ደርሰን ስንመለስ ላንጋኖ የሚያደርሰውን አቃጥለነዋል።

ጭነት መኪናው ደግሞ መቂ ገብቷል ለካ። እኛን ቢጠብቁ የለንም፤ እነሱ ግን ድንኳን ፈልገው አገኙ፣ ጥቅልል ብለው ገቡ፣ ደረት መቱ፣ ምሳ በሉ። ከምሳ በኋላ መዝገቡ አጠገቡ ያለውን ሰው «ሴትየዋ ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። «የምን ሴትዮ? የሞተው አጎቴ ነው» አለው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሮበሌን ቀበሌ አሰሩት። መንግሥትን ማታለል፣ የነዳጅ ብክነት፣ ከውጭ ዜጋ ጋር ያልተፈቀደ ግንኙነት። መዝገቡን ከሁሉ ያበገነው ግን የሰው አጎት ማልቀሱ ይመስለኛል። አባባ ዋቅቶላ እድሩን ይዘው ሄደው ለመኑት። «መርዶ ሊያረዳ ነው፣ አምስት ቀን ብቻ ናት ልጅቷ፣ ለአንድ ቀን ልቀቀው» አሉት። «ሕግ ሕግ ነው። ግልጽ ነው?» አላቸው። አሥራ ሁለት ቀን አቆየው። ጫልቱ እሱ በታሰረ በአምስተኛው ቀን ሄዳለች።

የተፈታ ዕለት አንድ የሆቴሉ ሾፌር ሰፈር አፈላልጎ መጣ፣ ካርቶን ይዞ። ውስጡ የሴት ጫማ ነው። ጥቁር፣ ውስጡ ጠጉር ያለው፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር። ከላይ ብጣሽ ወረቀት፦ «አባዬ፣ መኪናዋ ተበላሽታብህ እንደሆነ ገባኝ፣ አልተቀየምኩም። ይሄ የእማዬ ነው፤ ጉልበቷን ብርድ እንዳይነካት ክረምቱን ታድርገው። ልክ ይሁን አይሁን ጻፉልኝ።»

ጋሽ ሮበሌ ጫማዎቹን አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ፤ አፍንጫቸው ወደ ውጭ።

«ጻፍ» አለኝ።

«ጋሼ፣ አሁንስ ብንነግራት...»

«በወረቀት? ጻፍ ነው የምልህ። ልክ ሆነኝ በላት።»

ጻፍኩና አነበብኩለት። «ልጄ ጫልቱ፣ ጫማው ልክ ሆነኝ፣ እግርሽን ይባርከው።» እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሰማ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እሷ አይደለችም። ገዲሴ አንድ ነገር ሳታማርር ታውቃለች? ጫልቱ አታምንም።»

እውነቱን ነው። ብዕሩን መልሼ አነሳሁና ከሥሩ ጨመርኩ፦ «ትንሽ ብቻ ጣቴ ላይ ያዝ ያደርገኛል፤ ሲቆይ ይለቃል መሰለኝ።»

«አሁን እሷ ናት» አለ።