የቅዳሜ ጅግራ

ባልሽ አዳኝ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስቅበት ነበር። ባሌ ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ለበዓል ዶሮ ሲያርድ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው። እኔ የበደሳ ልጅ ነኝ። እሱን አግብቼ ጭሮ ከመጣሁ ወዲህ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። የምንኖረው ከእናቱ ጋር በአንድ ግቢ ነው። አባቱ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ለሥራ ቆላ ወርዶ በወባ እንደሞተ ነበር የተነገረኝ።

አደን የጀመረው በተጋባን በስድስተኛው ዓመት ነው። ቆላ ባለችው ቦርደዴ ከተማ አንድ መጋዘን ሲሠራ የበሩን ብረት እንዲበይድ ተቀጥሮ ሁለት ሳምንት ቆየና ሲመለስ ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ገባ። ከረጢቱ ውስጥ የታረዱ ሁለት ጅግራዎች ነበሩ።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከሥራ ጓደኛዬ ጋር አደን ወጥተን ነበር።"

"ጠመንጃስ?"

"የእሱ ነው" አለና ሊታጠብ ወጣ።

ጅግራ ከዶሮ ይለያል። ላባው ግራጫ ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ የተረጨ ነው። የፈላ ውሃ ሲፈስበት እንደ ዶሮ ቶሎ አይለቅም፣ ጣት ያቆስላል። ሥጋው ጠቆር ያለና ስብ የሌለው ስለሆነ ሽንኩርትም ቅቤም ይፈልጋል፤ እሳት ላይ የዶሮን እጥፍ ይቆያል። የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ስላወጣሁት እንደ ገመድ አኘክነው። በሁለተኛው ገባኝ። አማቴ ጥርሳቸው ደካማ ቢሆንም እግሩን በእጃቸው ይዘው አጥንቱን እስኪያነጡ ይበሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከፆም ወራት በስተቀር በወር ሁለት ቅዳሜ ይሄዳል፣ ማታ ከረጢቱን ይዞ ይመለሳል፣ እሑድ እሠራለሁ። አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ በሳህን ብልክላት ክዳኑን ከፍታ አየችና "በማን እጅ ነው የታረደው?" አለችኝ። በእኛ ከተማ ይህ ነውር ጥያቄ አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ ሥጋ ቤት ነው የሚገዛው፤ የሌላው እጅ ያረደውን አይበላም። "በባሌ እጅ ነዋ" አልኳት። ሳህኑን ተቀበለች። ሳህኑን ስትመልስልኝ ግን ጣፈጠም አልጣፈጠም አላለችም። የእሷ ጥርጣሬ እኔም ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅግራ በበለትኩ ቁጥር ጥይት መፈለግ ያዝኩ። ክንፉን ዘርግቼ አየሁ፣ ደረቱን በጣቴ ዳሰስኩ፣ አጥንቱን ቆጠርኩ። የተሰበረ አጥንት የለም፤ የተበሳ ቆዳም የለም። አንገቱ ላይ ካለው የቢላ ምልክት በቀር ወፉን ምንም አልነካውም። እግሩ ላይ ግን፣ ከጥፍሮቹ ከፍ ብሎ፣ ክር እንደፈገፈገው ያለ ቀይ መስመር ነበር። ይህ የታሰረ ወፍ ነው። አስሮ የሚያቆይለት ሰው አለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አደን ሄድኩ ይለኛል?

"የት ጋ ነው የምትመቱት?" አልኩት አንድ እሑድ፣ ወጡን እያማሰልኩ።

"አንገቱ ላይ።"

"ሁሌ?"

"ጓደኛዬ ጎበዝ ተኳሽ ነው" አለና ሳቀ። አሳሳቁ የሚሸሽ ሰው ሳቅ ነበር።

ያ ጎበዝ ተኳሽ የተባለው፣ በመልክ የማውቀው የሥራ ጓደኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣ። ባሌ በዚያች ሰዓት ከእሱ ጋር ቦርደዴ በረሃ ውስጥ መሆን ነበረበት። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ሱሪውን አሳጥሬ ሸኘሁት። ማታ ባሌ ሲመጣ "ጓደኛህ ደኅና ነው?" ብዬ ስጠይቀው "ደኅና ነው፤ ዛሬ ሁለት ጣለ" አለኝ።

ማክሰኞ ልብሱን ሳጥብ ደግሞ ከሸሚዙ አንዱ ቁልፍ በሌላ ክር ተሰፍቶ አገኘሁት። እኔ በነጭ ሸሚዝ ላይ በክሬም ክር ቁልፍ አልተክልም፤ ስሞትም አላደርገውም። ክሩ አራት ጊዜ ተመላልሶ ከሥር በጥርስ ተበጥሷል። የሌላ ሴት እጅ ነው። ልብስ ሰፊ ሆኜ መኖሬን የጠላሁት ያን ቀን ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አይታየውም ነበር። ሸሚዙን አስጥቼ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሲደርቅ አየሁት። ቦርደዴ ላይ ቤት አለው ብዬ ደመደምኩ። ምናልባትም ልጅ። ጅግራውን ሴትየዋ ናት የምትልክልኝ፣ አፌን ልታስይዘኝ። ስንቱን ጊዜ አጣጥሜ በልቼላታለሁ!

በሚቀጥለው ጉዞው ከግቢ እንደወጣ ለአማቴ "ክር ልገዛ ነው" ብዬ ተከተልኩት። እሱ የገባበት ሚኒባስ ሞልቶ እስኪሄድ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ቆሜ ቀጣዩን ያዝኩ። ከጭሮ ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ በየኩርባው እየቀለለ ይሄዳል፤ ሚኤሶ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ ነበር። ቦርደዴ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አንዱን ባለባጃጅ ጠጋ ብዬ በኦሮምኛ "ቅዳሜ ቅዳሜ ከጭሮ የሚመጣ ብየዳ ሠራተኛ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አውቀዋለሁ፣ ቤታቸው ድረስ ላድርስሽ?" አለ።

ቤታቸው ያላት ቃል ደረቴ ላይ ተቀመጠች። ተሳፈርኩ።

ግቢው የእሾህ አጥር ያለው፣ የጭቃ ቤት ነው። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አንዲት ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ታጥበው የነበረውን የውሃ ጀሪካን ይዛ ቀና አለች። ቆንጆ ናት። የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ የእኔ ሥራ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ባሌ "የደንበኛዬ ልጅ ናት" ብሎ ልኳን በወረቀት ጽፎ አምጥቶ አሰፍቶኛል። ወገቡ እንዲያምር ብዬ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሰፍቼዋለሁ።

"ማን ልበል?" አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ባሌ ከቤቱ ጀርባ ብቅ አለ። በእያንዳንዱ እጁ እግሩ የታሰረ፣ ነፍስ ያለው ጅግራ ይዟል። ከኋላው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ባሌ እኔን ሲያይ አንዱ ወፍ ከእጁ አመለጠና እየተንፈራገጠ አቧራ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ሽማግሌውን አየኋቸው። የባሌ ጆሮ፣ ያው የግንባር ስፋት፣ ሲደነግጥ አፉን የሚከፍትበት ያው አከፋፈት።

"ሚስትህ ናት?" አሉት።

"አዎ አባባ" አለ ባሌ።

ስለ ልጅቷ መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ ሞቱት አባት መጠየቅ ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ይሄን ሁሉ ጊዜ የበላነውን ማነው ያረደው?" የሚል ነው።

ባሌ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን አልተቀየሙም። "እሱ ነው ልጄ" አሉኝ፤ አማርኛቸው የጭሮ አማርኛ ነው። "እኔ በወጥመድ እይዛለሁ፤ ከነነፍሱ አስሬ አቆይለታለሁ። እሱ በእናንተ ወግ ባርኮ ያርዳል። የእናንተን ቤት ደንብ እረሳለሁ? እዚያው ነው የኖርኩት።"

ታሪኩን ጥላ ሥር ተቀምጠን ሰማሁ። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ቆላ ሲመላለሱ የአሁኗን ባለቤታቸውን ወደዱ፤ ሰለሙ፤ በዚያው ቀሩ። አማቴ ለሰው ሁሉ ሞተ አሉ፣ ጥቁር ለበሱ፣ ድንኳን አስተክለው ለቅሶ ተቀመጡ። ባሌ መጋዘኑ ጋ ሲሠራ ሽማግሌው ከጭሮ ብየዳ ሠራተኛ መጥቷል የሚለውን ወሬ ሰምተው መጡ፤ አጠገቡ ቆመው ሲበይድ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ የእናቱን ስም ጠየቁት። ልጅቷ እህቱ ናት። ቁልፉን የተከሉት እናቷ ናቸው፤ ራሳቸው ነገሩኝ፣ "ሲያጎነብስ ተበጥሶ ነበር" ብለው።

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት ባሌን።

"ለአንቺ ከነገርኩ ለእማዬ ትነግሪያታለሽ ብዬ ነዋ።"

"እኔ?"

"አላውቅማ" አለ። ለካ እሱም አያምነኝም ነበር።

ሳይበሉ መሄድ አይሆንም አሉ። ባሌ አንዱን ጅግራ ወደ አጥሩ ወስዶ በስመ አብ ብሎ አረደ፤ ሽማግሌው ሌላውን ይዘው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞረው ቢስሚላህ ብለው አረዱ። ሁለት ምድጃ ነደደ፣ ሁለት ድስት ተጣደ። የሽማግሌው ባለቤት እንደ እኛ በሽንኩርት ብዛት አይሠሩም፤ መጀመሪያ በጨው ቀቅለው፣ ውሃው ሲመጥ በቅቤና በቃሪያ ይጠብሱታል። እኔ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔን ከማማሰያው ላይ አልነቀልኩም። የአንዱ ድስት ማማሰያ ወደ ሌላው እንዳይገባ፣ ክዳኑ እንዳይለዋወጥ እጠብቃለሁ። በደግ ፊት ከተቀበሉኝ ሰዎች ግቢ ገብቼ እንዲህ ማድረጌን አውቃለሁ፤ ግን ማቆም አልቻልኩም። ሴትየዋ አዩኝ። "ማንኪያውም ለየብቻ ነው፣ አትስጊ" አሉኝ በኦሮምኛ። ፊቴ ጋለ። ሥጋው ግን ለስላሳ ነበር፤ እኔ ሦስት ሰዓት ለፍቼ ከማወጣው ይበልጥ።

ለአማቴ ምንም ላንናገር ተስማምተን ተመለስን። በማግስቱ ሽማግሌው ጨምረው ሰጥተውን ባሌ ያረደውን ሌላ ጅግራ እንደ ወትሮው ሠርቼ አቀረብኩ። አማቴ ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ባሌ ከወጣ በኋላ "ትናንት ቦርደዴ ወርደሽ ነበር አሉ" አሉኝ።

ማን እንዳየኝ አላውቅም። ዛሬም አላውቅም። "ክር ልገዛ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ክር ጭሮ ጠፍቶ?" አሉ። ከዚያ ሳህኑን እያዩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ከስቷል ወይስ ያው ነው?" አሉኝ።

"ማን እማማ?"

"አታድክሚኝ ልጄ። የወፍ እግር እንዲህ ሳይሰብር በክር ብቻ አጥምዶ የሚይዝ ሌላ ሰው አላውቅም። የመጀመሪያውን ቀን እግሩን ሳየው ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ እንዴት ይበሉ ነበር?"

"ማን አረደው ብዬ ልጄን ጠየቅሁት። እኔ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ለእኔ አገር ሁሉ ቁጭ ብሎ አልቅሶልኛል። እንግዲህ የት ሄጄ አልሞተም ልበል?"

"ያው ናቸው። አልከሱም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልተለወጠም። ባሌ ይሄዳል፣ አንዳንዴ እኔም እሄዳለሁ፤ እናትና ልጅ ግን እስከ ዛሬ አንዱ ለሌላው ማወቁን ነግሮ አያውቅም፤ በመካከል የሁለቱንም ምስጢር የማውቅ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት እህቱ ለኮሌጅ ምዝገባ ጭሮ መጥታ ምሳ ቤታችን በላች። አማቴ "ከቦርደዴ የመጣሽው ልጅ" እያሉ ነው ያናገሯት። ለእኛ የተሠራውን የሥጋ ወጥ ከፊቷ አንስተው ሽሮ አቀረቡላት፤ ልጅቷ ስትበላ ጆሮዎቿን ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። ስትሄድ እስከ በሩ ሸኟት። በቃ ያ ብቻ ነው።

እኔና ባሌ በሰላም እንኖራለን። ሌላ ሴት አልነበረም፤ ቤት የተባለው የአባቱ ቤት ነው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ ሰው ስንት ቅዳሜ ፊቴ ቆሞ ያልተተኮሰ ጥይት ሲተኩስልኝ፣ ያላየውን ጓደኛ ሲያሞግስልኝ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ምክንያቱ መልካም ነበር እላለሁ ለራሴ። ግን አሁንም ለሥራ ሚኤሶ ወይም ሂርና ሄድኩ ሲለኝ እሺ እላለሁ፣ ስንቁን አሥሬ እሰጠዋለሁ፤ ከበሩ ሲወጣ ደግሞ ወደ የትኛው መንገድ እንደሚታጠፍ ለማየት ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ።